የመኪና መስታወትና የመንገደኛ ገመና

በአሜሪካ ምድር አውቶሞቢል የብዙኃን ንብረት ከሆነ ወዲህ፣ ሻጩም ገዢውም አጥብቆ የያዘው አንድ እምነት አለ። ይኸውም በባቡርና በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው በባዕዳን ዓይን መካከል ሲቀመጥ፣ የራሱን መኪና የሚነዳ ግን በሩን ዘግቶ፣ መስታወቱን ከፍ አድርጎ፣ በገዛ እልፍኙ እንዳለ ሆኖ፣ ወዴትና ከማን ጋር እንደሚሄድ ለማንም ሳይናገር ይጓዛል የሚል ነው። ሕጉንም የመኪናውንም አሠራር ለመረመረ ሰው ግን ይህ እምነት ከጥንቱም ሙሉ እውነት አልነበረም፤ ዛሬማ ጭራሽ ተገልብጧል።

ነገሩ የሚጀምረው ከታርጋው ነው። በእግሩ ወይም በበቅሎው የሚሄደውን መንገደኛ ስሙን በጀርባው ለጥፎ እንዲወጣ ያስገደደው መንግሥት አልነበረም። አውቶሞቢልን ግን ገና በሕፃንነቱ፣ በ1901 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ የሚከተሉትም እንዲሁ ናቸው) የኒው ዮርክ ግዛት ባለቤቱ የስሙን መነሻ ፊደላት ከኋላው እንዲያኖርበት አዘዘ፤ በ1903 ደግሞ ማሳቹሴትስ ቁጥር ያለበትን ታርጋ ራሱ ማደል ጀመረ። ያ ፈጣን መሣሪያ ሰው ገጭቶ ቢሰወር ባለቤቱን የሚያስታውቅ ምልክት ያስፈልግ ነበርና ትእዛዙ የሚነቀፍ አይደለም። ደግሞም ያን ጊዜ ታርጋ የሚያነበው የሰው ዓይን ነበር፤ ዓይን ይደክማል፣ ይረሳልም። በ1976 በእንግሊዝ ሀገር በፖሊስ የምርምር ክፍል የተጀመረው ታርጋ አንባቢ ካሜራ ግን አይደክምም፤ ካልታዘዘም አይረሳም። የኒው ሃምፕሻየር ሕግ፣ የሚፈለግ መኪና ካልሆነ በቀር፣ የተነበበው ታርጋ በ3 ደቂቃ ውስጥ እንዲሰረዝ ያዛል፤ ያው መኪና የግዛቱን ድንበር ሲሻገር ግን መዝገቡ ለወራት፣ አንዳንድ ቦታም ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል።

ከታርጋው ይልቅ የመኪናን ክብር ዝቅ ያደረገው የፍርድ ቤት ብያኔ ነው። በታኅሣሥ 1921፣ መጠጥ በአሜሪካ በሕግ በተከለከለበት ዘመን፣ ወደ ግራንድ ራፒድስ በሚወስደው የሚሺጋን አውራ ጎዳና ላይ የመንግሥት ሰዎች አንድ ኦልድስሞቢል አስቆሙ። ለዓይን የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ከመካከላቸው አንዱ የመቀመጫውን መደገፊያ ቢመታው ከልማዱ የጠነከረ ሆኖ ስላገኘው፣ ልባሱን ቀደዱና ከውስጡ 68 ጠርሙስ ውስኪና ጂን አወጡ። የብርበራ ማዘዣ አልያዙም ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1925 በሊቀ ዳኛው በታፍት ብዕር በሰጠው ብያኔ፣ ቤት ማዘዣው እስኪመጣ ከቦታው አይነቃነቅም፣ መኪና ግን ይሄዳል በማለት፣ በቂ ምክንያት እስካለ ድረስ ያለ ማዘዣ መፈተሽ ይቻላል አለ። እነሆ ለእልፍኝ የተሰጠው ክብር ለተሽከርካሪው እልፍኝ ሳይደርሰው ቀረ።

በአንጻሩ በ2000 ያው ፍርድ ቤት፣ በቴክሳስ አንድ የድንበር ጠባቂ አውቶቡስ ገብቶ ከመንገደኛው ራስ በላይ ያለውን ለስላሳ ሻንጣ በእጁ ጨምቆ ዕፅ ማግኘቱን ሕገ ወጥ ነው አለ፤ መንገደኛ ሻንጣው እንደሚገፋና እንደሚነካ ቢያውቅም፣ ይዘቱን ለማወቅ ይዳበሳል ብሎ አይጠብቅምና። ሁለቱ ጉዳዮች በልክ አንድ አይደሉም፤ ጠባቂው የጥርጣሬ ምክንያት አልነበረውም። ቢሆንም የአውቶቡሱ ከረጢት እንዲህ ተከብሮ ሳለ የመኪና ወንበር መቀደዱ፣ ገመና የሚጠበቀው በመስታወት መዝጋት አለመሆኑን ያሳያል።

በዋሽንግተን የታየው ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ ወደ ዘመናችን ያቀርበናል። ፖሊስ በዕፅ ንግድ የተጠረጠረ የምሽት ክበብ ባለቤት በሚነዳው ጂፕ ላይ፣ የማዘዣው ጊዜ ካለፈ በኋላ ጂፒኤስ ለጥፎ 28 ቀን ተከታተለው፤ የእንቅስቃሴውም መዝገብ ከ2,000 ገጽ በላይ ሆነ። በ2012 ዘጠኙም ዳኞች ድርጊቱ ያለ አግባብ መፈተሽን የሚከለክለውን የሕገ መንግሥቱን አራተኛ ማሻሻያ የሚነካ ነው ሲሉ፣ የብዙኃኑ ምክንያት ግን በሰው ንብረት ላይ ዕቃ መለጠፉ ነበር። ዳኛ አሊቶ ይህን ምክንያት ባለመውደድ፣ በጥንት ጊዜ ሠረገላ ውስጥ ተደብቆ ሰውን እንዲህ ለመከታተል ወይ እጅግ ግዙፍ ሠረገላ ወይ እጅግ ድንክ ፖሊስ ባስፈለገ ነበር ብሎ አሾፈበት። ሹፈቱ ቁም ነገር ነበረው፤ መሣሪያውን የሚለጥፈው ፖሊስ ሳይሆን ፋብሪካው ቢሆንስ?

ሆነም። በ2024 ኒው ዮርክ ታይምስ እንደ ዘገበው፣ በሲያትል አጠገብ የሚኖር አንድ ሰው የኢንሹራንስ ክፍያው ለምን እንደ ናረ ቢጠይቅ፣ ከመረጃ ሻጭ ኩባንያ 258 ገጽ ወረቀት ደረሰው፤ መቼ እንደ ተነሣ፣ መቼ እንደ ደረሰ፣ ፍሬን በኃይል እንደ ረገጠም ተጽፎበታል። ዑቃቤ መልአክ እንኳ ከሰው ሳይለይ የሚያየውን ለኢንሹራንስ አይሸጥም። የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጄኔራል ሞተርስ መኪናው የደረሰበትን ቦታ እስከ በየ3 ሰከንዱ ድረስ ይመዘግብ ነበር ብሎ ከከሰሰው በኋላ፣ በ2025 መጀመሪያ ይፋ በሆነው ስምምነት ኩባንያው ይህን መረጃ ለመሰል ሻጮች ለ5 ዓመት እንዳይሰጥ ተወሰነ። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ በታክሲና በኡበር ሥራ የሚተዳደሩት ብዙ ወገኖቻችን ነገሩን ለማወቅ ጋዜጣ አላስፈለጋቸውም፤ ስልካቸው አነዳዳቸውን ሲመዝን ይውላል፣ እነርሱም በበኩላቸው ከክፉ ተሳፋሪና ከሐሰት ክስ ለመዳን ሲሉ ካሜራ መስታወታቸው ላይ ይሰቅላሉ።

የሕዝብ መጓጓዣውም በቀድሞ ሁኔታው አልቀጠለም። ከ1953 እስከ 2003 በኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር የሚያስገባው ቶከን የማንንም ስም አያውቅም ነበር፤ ዛሬ በሩ በባንክ ካርድና በስልክ ይከፈታል። በ2023 የካርድ ቁጥርና የሚያበቃበትን ቀን የያዘ ማንኛውም ሰው፣ ባለካርዱ ባለፉት 7 ቀናት የት የት ጣቢያ እንደ ገባ በባቡር ድርጅቱ ድረ ገጽ ማየት ይችል ነበር፤ ነገሩ ሲጋለጥ አገልግሎቱ ተቋረጠ። ልዩነቱ ግን ከዚህ ይጀምራል፤ ባቡር ተሳፋሪው ስሙን ሳይናገር በጥሬ ገንዘብ ካርድ መግዛት ሲችል፣ ባለ መኪናው ያለ መንጃ ፈቃድና ያለ ታርጋ ከግቢው መውጣት አይፈቀድለትም።

በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፖሊስ የአንድን ሰው ስልኩ በ7 ቀን ውስጥ የነበረበትን ቦታ የሚያሳይ መዝገብ ከስልክ ኩባንያ ለመውሰድ ማዘዣ ያስፈልገዋል ብሎ በይኗል። ብያኔው ግን የመንግሥትን እጅ ነው የያዘው፤ ፋብሪካው ከመኪናው ሰብስቦ ለሌላ ነጋዴ የሚያሳልፈውን አልነካም፤ ለዚያ መልስ የሚጠበቀው ከሕግ አውጪዎች ነው።