ሻንሲ ሲለወጥ ስለ ቁጥሩ የሚደረግ ጥንቃቄ

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በአካባቢያቸው ባለው የቡና አገር ንግድ የሚካሄደው በጭነት መኪናና በሞተር ብስክሌት ነው። የተዘጋጀው ቡና በጅማ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ አቋርጦ አዲስ አበባ ይደርሳል። ዝናብ በሚበዛበትና መንገድ በሚቦረቦርበት አገር የከባድ መኪና ሻንሲ መሰንጠቁ፣ የሞተር ብስክሌትም አንገት መሰበሩ አይቀርም። በዚህ ጊዜ ባለንብረቱ ስለ ብረቱ ዋጋ አብዝቶ ያስባል፤ በብረቱ ላይ ስለተመታው ቁጥር የሚያስበው ግን ጥቂቱ ነው። ይሁን እንጂ ከብረቱ ዋጋ የሚበልጥ ኪሳራ የሚያመጣው የቁጥሩ ጉዳይ ነው።

የሻንሲ ቁጥር የተሽከርካሪው መታወቂያ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት ቁጥሩ 17 ፊደላትና አኃዞች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ 3 ፋብሪካውን፣ ተከታዮቹ 6 የተሽከርካሪውን ዓይነት፣ የመጨረሻዎቹ 8 ያንኑ አንዱን ተሽከርካሪ ለይተው ያመለክታሉ። ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም። ስለዚህ ባለ 17 ቁጥር በተጻፈበት ደረሰኝ ላይ ከእነዚህ አንዱ ቢገኝ፣ ጸሐፊው ሲገለብጥ ተሳስቷል ማለት ነው። አሮጌ መኪናዎች አጭር ቁጥር ሊኖራቸው ይችላል።

ምትክ ሻንሲ ያለ ቁጥር ወይም የራሱን ቁጥር ይዞ ሊመጣ ይችላል። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ባለንብረት የቀድሞውን ቁጥር በአዲሱ ብረት ላይ ያስመታል፤ ሌላውም ቁጥሩ ያለበትን ብረት አስቆርጦ ያስበይዳል። ሐሳቡ ቅን ቢሆንም የመርማሪው ዓይን የሚያየው የተነካካ ቁጥር ነው፤ የተሰረቀ መኪናም የሚታወቀው በዚሁ ምልክት ነው። የዓመቱ ምርመራ ይስተጓጎላል፤ መኪናውን ለመሸጥ ወይም የመድን ካሣ ለመጠየቅ ሲፈለግ ሊብሬውና ብረቱ አይስማሙም። ቡና ጭኖ የተገኘ እንደሆነም መኪናው ሲያዝ ቡናው አብሮ ይቆማል፤ በዝናብ ወራት የቆመ ቡና ደግሞ እርጥበት ይስባል።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የወጣው እያንዳንዱ ተሽከርካሪ ተለይቶ እንዲታወቅ ነው። ስለዚህ ባለንብረቱ ሻንሲውን ከመፍታቱ በፊት የመኪናው ፋይል ወዳለበት መዝጋቢ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይገባዋል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የተቋቋመው በ2014 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተመዘገበ ተሽከርካሪ ያለው ሰው ፋይሉ የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ቢጠይቅ ከከንቱ መንገድ ይድናል።

ከዚህ በኋላ የአሮጌውን ቁጥር ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ወረቀት አስደግፎም በእርሳስ በመፈግፈግ ቅጂውን ይይዛል። የምትኩን የግዥ ደረሰኝ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ቅጂና የጋራዡን የሥራ ደረሰኝ በአንድነት ያቀርባል። ቁጥር ይመታ ወይም አይመታ፣ በማን እጅ እንደሚመታም የሚወስነው መሥሪያ ቤቱ እንጂ በያጁ አይደለም። ለውጡ በሊብሬው ላይ ሳይሰፍር መኪናው ወደ ጭነት ባይሰማራ ይመረጣል። አሮጌው ሻንሲም ቁጥሩ ሳይሰረዝ ለቁራጭ ብረት ገዥ መሸጥ የለበትም፤ አንድ ቁጥር በሁለት ብረት ላይ ሲገኝ ተጠያቂው በሊብሬው ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው ነውና።

አስመጪው ከውጭ አገር ሲያዝዝ ምትኩ ቁጥር ያለው ወይም የሌለው መሆኑን በጽሑፍ ጠይቆ በፋክቱሩ ላይ ያስጽፍ። ባለሱቁም ቁጥሩንና የገዢውን ስም በደረሰኙ ላይ ያስፍር። ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ገዢውን ከክርክር፣ ሻጩንም ከጥርጣሬ ያድናል።