ከዋሻ የወጣው የዳክዬ አጥንት

በሃዋይ ደሴቶች ሰንሰለት በሰሜን ምዕራብ በኩል ላይሳን የምትባል አሸዋማ ደሴት አለች። ስፋቷ 4 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። መካከሏ ላይ ከባሕር የባሰ ጨዋማ ሐይቅ አለ። በዚህ ሐይቅ ዳር፣ በዓይኗ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያላት ቡናማ ዳክዬ ትኖራለች። ዝንቡ ዳርቻውን እንደ ጥቁር ምንጣፍ ሲያለብሰው አንገቷን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ በመሐሉ ትሮጣለች፤ እየበረረ የሚሸሸውን እየለቀመች ትውጣለች።

ዋልተር ሮትሽልድ በ1892 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለሳይንስ ካስተዋወቃት ወዲህ፣ ለመቶ ዓመት ያህል የዚችው ደሴት ልጅ ተደርጋ ታየች። በሐይቁ ዳር ዝንብ ስትለቅም ያያት ሰው ሌላ ምን ሊል ይችላል?

ደሴቲቱ ግን ልትበላት ምንም አልቀራትም ነበር። ለማዳበሪያ የሚሆን የወፍ ኩስ ሊቆፍሩ የመጡ ሰዎች በ1903 ገደማ ጥንቸል አስገቡ። ጥንቸሎቹ ተራብተው ቅጠሉንም ሣሩንም ጨረሱት፤ የሚይዘው ሥር ያጣው አሸዋ በነፋስ መጠረግ ጀመረ። በ1911 እና በ1912 የተቆጠሩት ዳክዬዎች 12 እንኳ አይሞሉም። በ1923 በታናገር መርከብ የሄዱት ተመራማሪዎች የመጨረሻዎቹን ጥንቸሎች ሲያጠፉ፣ በደሴቲቱ የቀሩት ጥቂት ቀይ የማር ወፎች እዚያው በአሸዋ ማዕበል አለቁ። ዳክዬዋ ተረፈች። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ መትረፏ ነው።

የታሪኩ መልክ የተለወጠው ከላይሳን ርቆ፣ በትልልቆቹ የሃዋይ ደሴቶች ውስጥ ነው። ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቅልጥ ዓለት ላዩ ሲጠነክር ውስጡ መፍሰሱን ስለሚቀጥል፣ ከኋላው ረዥም ባዶ ዋሻ ይተዋል። እዚያ የሞተ ወፍ አጥንቱ ለብዙ ዘመን ይቆያል። የስሚዝሶኒያን ተቋም ተመራማሪዎች የሆኑት ስቶርስ ኦልሰንና ሄለን ጄምስ የጠፉ ወፎችን አጥንት ለዓመታት ሲሰበስቡ የትንሽ ዳክዬ አጥንትም አገኙ። የማን ነው? ሃዋይ ኮሎዋ የምትባል ሌላ ዳክዬ አላት፤ ሁለቱ በአካል ይቀራረባሉ። ደግሞ አንዳንዱ አጥንት የተገኘው ከውሃ ርቆ፣ በደጋው ላይ ነበር። የጨው ሐይቅ ዳክዬ እዚያ ምን ትሠራለች?

መልሱ በ1996 መጣ። አለን ኩፐርና ባልደረቦቹ ከአጥንቱ ያወጡት ዲኤንኤ ከላይሳን ዳክዬ ጋር ገጠመ። ዳክዬዋ በአንድ ወቅት በትልልቆቹ ደሴቶችም፣ በጫካም ጭምር ትኖር ኖሯል። ላይሳን የትውልድ ቦታዋ ሳትሆን የመጨረሻ መጠጊያዋ ነበረች። በሌላው ቦታ ለመጥፋቷ ተመራማሪዎች በዋናነት የሚጠረጥሩት ከሰው ጋር የገቡትን አይጦችና አደንን ነው። አደጋ ሲመጣ ከመብረር ይልቅ ባለችበት ደርቃ መቆሟም አልረዳትም፤ ከሰማይ ከሚያያት ጠላት የሚያድን ብልሃት ሽታን ተከትሎ ከሚመጣ አይጥ አያድንም።

አጥንቱ ያተረፈው ቁጭት ብቻ አይደለም። ዳክዬዋ ሌላ ቦታ ኖራ ካወቀች፣ ሌላ ቦታ ልትኖር ትችላለች ማለት ነው። በ2004 እና በ2005 በድምሩ 42 ዳክዬዎች ከላይሳን ሚድዌይ ወደሚባሉት ደሴቶች ተወሰዱ። በአዲሱ መሬት ፈጥነው ተዋለዱ፤ የሚጥሉት እንቁላልም ከላይሳኖቹ በዛ። በ2008 ቦቱሊዝም የተባለው መመረዝ ከመቶ በላይ ገደለ፤ መንጋው ግን አልጠፋም። በ2011 ከጃፓን የተነሳው ሱናሚ ላይሳንንም ሚድዌይንም መታ፤ ዝቅተኛ ደሴት ላይ መኖር ምን ያህል አስጊ እንደሆነ የታየውም ያኔ ነው። በ2014 ሌሎች 28 ዳክዬዎች ኩሬ አቶል ወደሚባል ሌላ የደሴት ስፍራ ተወሰዱ።

አጥንቱ ወደተገኘባቸው ትልልቅ ደሴቶች ግን ገና አልተመለሰችም። እዚያ አይጡም ድመቱም አሁንም አለ፤ አጥር የሌለው መሬት ላይ ጎጆዋን ብትሠራ እንቁላሏም ጫጩቷም አይተርፉላትም።