ተጀምሮ የሚቋረጥ ወዳጅነት

ወጣቱን ኮትኩቶ ማሳደግ የወላጅ ብቻ ሳይሆን የኅብረተሰቡም ኃላፊነት መሆኑ የማይታበል ሐቅ ነው። ሆኖም በጎ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም እንላለን። በአሜሪካ ታዳጊዎችን ከአዋቂ በጎ ፈቃደኞች ጋር በሚያወዳጅ ድርጅት ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ጥናት፣ 959 ልጆችን ከሁለት ከፍሎ ለ18 ወራት በመከታተል፣ አዋቂ ወዳጅ የተመደበላቸው አደንዛዥ ዕፅ የመጀመር ዕድላቸው ከሌሎቹ በ46 በመቶ ማነሱን አሳየ። ዜናው ደስ ያሰኛል፤ ሙሉ ግን አይደለም። ጂን ግሮስማንና ጂን ሮድስ በ2002 ይኸንኑ መረጃ እንደገና ሲመረምሩ፣ ዓመት የዘለቀው ወዳጅነት ከሁሉ ይልቅ ሲጠቅም፣ ሦስት ወር ሳይሞላው የተቋረጠው የልጁን ለራሱ ያለውን ግምት ጭራሽ ዝቅ እንዳደረገ ደረሱበት። አንዴ የተተወ ልጅ ዳግመኛ ሲተው ምን እንደሚያስብ ለመገመት ተመራማሪ መሆን አያሻም። ስለዚህ የቀበሌው ማኅበርተኛም ሆነ ሠራተኛው የጎረቤቱን ልጅ «አለሁልህ» ከማለቱ በፊት ለዓመት የሚበቃ ጊዜ እንዳለው ያመዛዝን፤ በጥናቱ የታዩት ወዳጆች ከልጆቹ ጋር የሚገናኙት በአማካይ በወር ሦስት ጊዜ ያህል ነበርና።