ደጋ ስለ ምን ይበርዳል

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መንገደኛ ጋቢውን አውልቆ በትከሻው ላይ ይጥለዋል፤ ወደ ጮቄ ተራራ የሚወጣው ግን ይከናነበዋል። ጮቄ ወደ ፀሐይ የቀረበ ሳለ ስለ ምን ይበርዳል?

ፀሐይ ከምድር 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ስላለች ብርሃኗ እስኪደርስ 8 ደቂቃ ያህል ያልፋል። በዚህ ርቀት ፊት የጮቄ ከፍታ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነውና ከቁጥር አይገባም። ደግሞም ብርሃኑ በአየር ውስጥ ሲያልፍ አየሩን እምብዛም አያሞቀውም። አስቀድሞ የሚሞቀው መሬቱ ነው፤ እንጀራ ሙቀቱን ከምጣዱ እንዲያገኝ አየሩም ከጋለው መሬት ይቀበላል። የጮቄም መሬት በቀን ይሞቃል፤ ነገር ግን በላዩ ያለው አየር ስስ ነው። ነጠላ ብቻ የለበሰ ሰው እንዲበርደው፣ ያም አገር ሙቀቱን ፈጥኖ ያጣል። የቈላው አየር ግን እንደ ጋቢ ወፍራም ነው።

ሌሊት ሰማዩ ጠርቶ ከዋክብት ሲበዙ በደጋው ብርዱ ይብሳል። የመሬቱ ሙቀት ወደ ሰማይ ይሄዳልና በነጋ ጊዜ ገበሬው ባቄላውን ውርጭ መትቶት ያገኘዋል። ሰማዩ ደመና የለበሰ እንደ ሆነ ግን ደመናው ሙቀቱን ወደ መሬት ስለሚመልሰው ባቄላው ይተርፋል።