እንግዳውን ብቻውን የሚያበላው ሰውዬ

ኦክቶበር ሲገባ የቆዩ አስፈሪ ፊልሞች ምረጪልን የሚል መልእክት ይበዛብኛል። ዘንድሮ ዝርዝር ከምልክላችሁ እኔ ራሴ እንዴት እንደማይ ልንገራችሁ፤ ዘዴው ከዝርዝሩ የበለጠ ይጠቅማችኋል።

በየዓመቱ ሃሎዊን ከመድረሱ በፊት አንድ ታሪክ እመርጣለሁ። ከዚያ ታሪኩን በተለያየ ዘመን የሠሩትን ፊልሞች በዓመታቸው ቅደም ተከተል አያለሁ። ሁሉንም ካየሁ በኋላ በሁሉም ውስጥ የሚገኝ አንድ ትዕይንት ነጥዬ፣ እሱን ብቻ ጎን ለጎን ደግሜ አያለሁ። ፊልም ማየትን ያስተማረኝ ይሄ የመጨረሻው ደረጃ ነው።

አምና የመረጥኩት ድራኩላን ነበር። ትዕይንቱን የመረጠችልኝ ግን እናቴ ናት።

እናቴ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። አስፈሪ ፊልም አትወድም። እኔ ስከፍት እሷ ሶፋው ጥግ ላይ ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። የ1922ቱን «ኖስፈራቱ» እያየሁ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ወጣቱ ሁተር ከሩቅ አገር መጥቶ የካውንት ኦርሎክ ቤተ መንግሥት ውስጥ ማዕድ ቀርቦለታል። እሱ ይበላል፤ ካውንቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ደብዳቤ ያነባል። እናቴ ቀና አለችና «ሰውዬው አብሮት አይበላም እንዴ?» አለችኝ።

ፊልሙን አቆምኩት። ይህን ትዕይንት ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! የካውንቱን ጆሮ፣ ጥፍር፣ ጥርስ ነበር የማየው። እናቴ ያየችው ማዕዱን ነው። እሷ ባደገችበት ቤት ጠላ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ እንግዳው ያለ ሥጋት እንዲጠጣ። እንግዳን ብቻውን አስቀምጦ ሲበላ ማየት ነውር ነው። ለእሷ አንድ ነገር እንደተበላሸ ለማወቅ ጥርስ ማየት አላስፈለጋትም።

ነገሩ ከመጽሐፉ ጀምሮ ያለ ነው። የደብሊኑ ተወላጅ ብራም ስቶከር በ1897 ባሳተመው ልቦለድ ውስጥ ድራኩላ እንግዳውን ራት ላይ ያስቀምጥና እኔ በልቻለሁ ይለዋል። ቤቱ ውስጥ አገልጋይ የለም፤ ኋላ እንግዳው ጠረጴዛውን የሚያሰናዳው ድራኩላ ራሱ መሆኑን ደርሶበት ይደነግጣል። እንግዲህ ያንን ጠረጴዛ ይዘን በአራት ፊልሞች ውስጥ እንሂድ።

🕯 1922፣ «ኖስፈራቱ»፣ ጀርመን

ዳይሬክተሩ ኤፍ ደብሊው ሙርናው ነው፤ ካውንቱን የተጫወተው ማክስ ሽሬክ። ሠሪዎቹ ከደራሲው ቤተሰብ ፈቃድ ስላልወሰዱ የሰዎቹን ስም ቀየሩ፤ ድራኩላ ኦርሎክ ሆነ። የስቶከር ባለቤት ፍሎረንስ ከሰሰች፤ በ1925 ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ ሁሉ እንዲወድሙ አዘዘ። ዛሬ የምናየው ከዚያ ባመለጡት ቅጂዎች ነው።

ማዕዱ ላይ ሰዓቱ እኩለ ሌሊትን ሲመታ ሁተር ዳቦ ሲቆርስ አውራ ጣቱን ይቆርጣል። እስካሁን ምግቡን ዞር ብሎ ያላየው ካውንት አሁን ይነሳል። በዚያ ቤት የሚበላው ምን እንደሆነ የገባን ያኔ ነው። ፊልሙ ድምፅ አልባ ነውና ይህን ሁሉ የሚነግረን ሰውነቱ ብቻ ነው፦ ቀስ ብሎ መነሳቱ፣ ቀስ ብሎ መቅረቡ። ሙርናው ፍርሃቱን ያስቀመጠው ረሃብ ላይ ነው። ካውንቱ ኋላ ከተማ ሲገባም አይጥና ወረርሽኝ ይዞ ነው የሚገባው።

አንድ ምክር፦ የሌሊቱን ትዕይንቶች የቀረጹት በቀን ነው፤ ሌሊት እንዲመስሉ ፊልሙን ሰማያዊ ቀለም ይነክሩት ነበር። ቀለሙን ያጣ ቅጂ ካያችሁ ቫምፓየሩ በጠራራ ፀሐይ የሚንጎራደድ ይመስላችኋል። ፀሐይ ደግሞ የምትገድለው በዚህ ፊልም ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ድራኩላ በቀንም ይወጣል። ስለዚህ ቀለሙ የተመለሰለትን ቅጂ ፈልጉ።

🕯 1931፣ «ድራኩላ»፣ ሆሊውድ

ቶድ ብራውኒንግ ለዩኒቨርሳል የሠራው ነው። ሃንጋሪያዊው ቤላ ሉጎሲ ገጸ ባሕሪውን ከዚያ በፊት በብሮድዌይ መድረክ ላይ ተጫውቶታል። እዚህ ካውንቱ መልከ ቀና፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ ጨዋ ነው፤ የሾለ ጥርስም አያሳይም። ለእንግዳው ለሬንፊልድ የቆየ ወይን ይቀዳለታል። ሬንፊልድ እርስዎስ ሲለው እሱ ወይን እንደማይጠጣ ይመልሳል፤ ግን «ወይን» የሚለውን ቃል ከማውጣቱ በፊት ትንሽ ይቆያል።

ያቺን ዝምታ አዳምጧት። ድምፅ ያለው ፊልም ገና አዲስ ነበር። ፊልሙ መክፈቻው ላይ ከሚሰማው ዜማ በኋላ ሙዚቃ የለውም ማለት ይቻላል፤ ዝምታው ራሱ ይሰማል። ሙርናው በረሃብ አስፈራን፤ ብራውኒንግ ደግሞ በትሕትና። ከዚያ በፊት ደረጃው ላይ ድራኩላ የሸረሪት ድር ውስጥ ሳይበጥሰው ያልፋል፤ ተከትሎት የሚወጣው ሬንፊልድ ግን ድሩን በዘንጉ እየበጠሰ ነው። እንደዚህ ያለ ትንሽ ነገር ጎን ለጎን ካልታየ ያመልጣል።

ማወዳደር ለምትወዱ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም፦ በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ስቱዲዮ ውስጥ፣ ሌላ ቡድን ሌሊት ሌሊት እየገባ ፊልሙን በስፓኒሽ ቀርጾታል። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሜልፎርድ፣ ድራኩላው ካርሎስ ቪላሪያስ ነው። የሌሊቶቹ ሠራተኞች የቀኖቹ የቀረጹትን እያዩ ያሻሽሉ ነበር። በእንግሊዝኛው ደረጃው ላይ ካሜራው ርቆ ያያል፤ በስፓኒሹ ደረጃውን ሽቅብ ወደ ድራኩላ ይወጣል። ደረጃው አንድ፣ ታሪኩ አንድ፤ ፍርሃቱ ግን ሁለት ነው። ቪላሪያስ ሉጎሲን አያክልም፤ ካሜራው ግን ይበልጣል። እኔ ሁለቱንም እወዳለሁ።

🕯 1958፣ «ድራኩላ»፣ እንግሊዝ

ዳይሬክተሩ ቴረንስ ፊሸር፣ ድርጅቱ ሃመር ነው። አሁን ቀለም መጥቷል፤ ደሙ ቀይ ነው። እንግዳው ሃርከር ሲደርስ ማዕዱ ተዘርግቷል፤ ባለቤቱ ግን የለም፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ወረቀት ትቶለታል። ሰውየው ብቻውን ይበላል። እናቴ እዚህ ላይ ራሷን ነቀነቀች።

ቆይቶ የሚመጣው ክሪስቶፈር ሊ ረጅም፣ ፈጣን፣ እንደ ማንኛውም የተማረ ሰው የሚያወራ ነው። እፎይ ስንል ብዙም ሳይቆይ አፉ በደም ርሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ በሩን በርግዶ ይገባል። ከሃርከር ጋር ካወራ በኋላ ፊልሙ እስኪያልቅ ቃል አይተነፍስም። ፊሸር ፍርሃቱን ያደረገው በሁለቱ ፊቶች መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው።

🕯 1979፣ «ኖስፈራቱ»፣ ምዕራብ ጀርመን

ቨርነር ሄርዞግ የሙርናውን ፊልም እያከበረ እንደገና ሠራው፤ ካውንቱ ክላውስ ኪንስኪ ነው። ማዕዱ፣ ሰዓቱ፣ ቢላዋው፣ የተቆረጠው አውራ ጣት፣ ሁሉም በቦታው አለ። ልዩነቱ ፊቱ ላይ ነው። ሽሬክ እንግዳውን እንደ ሲሳይ ያየዋል፤ ኪንስኪ ግን ለዘመናት ሰው ቤቱ ገብቶ የማያውቅ ሰው እንደሚያይ ነው የሚያየው። መሞት አለመቻልን፣ ፍቅር ማጣትን ሲናገር ድምፁ የደከመ ነው። የሚፈልገው አብሮ መብላት ይመስላል፤ መብላት የሚችለው ግን እንግዳውን ብቻ ነው።

እናቴ ሰፌዱን መሬት አስቀምጣ ይህን ትዕይንት ያለ ትርጉም እስከ መጨረሻው አየችው። «ምስኪን» አለች፤ «ሰው የለውም።»

እኔ በአራት ፊልም የደረስኩበትን እሷ በሦስት ቃል አለችው። ብዙ ሰው የቆየ አስፈሪ ፊልም አያስፈራም ብሎ በ10 ደቂቃ ይዘጋዋል። ጥርሱንና ደሙን ብቻ የሚጠብቅ ሰው እውነትም አይፈራም። እነዚህ ሰዎች ግን የሠሩት ስለ ጥርስ አይደለም። አንድ ሰው ሌላውን ቤቱ ሲቀበል በመካከላቸው ምን ዓይነት እምነት እንዳለ፣ ያ እምነት ደግሞ ሲጓደል ምን እንደሚመስል ነው ያሳዩን። እኛ ደግሞ ይህን ለመረዳት የማንም አስተማሪ አያስፈልገንም፤ ከማዕድ ጋር ያደግን ሰዎች ነን።

ስለዚህ ዘንድሮ ሞክሩት። መብራት አጥፉ፣ ስልክ አርቁ፣ በዓመታቸው ቅደም ተከተል እዩ። ካለቀ በኋላ ወደ ማዕዱ ተመለሱና ማን እንደሚበላ፣ ማን እንደማይበላ እዩ። ከቻላችሁ ደግሞ እነዚህን ፊልሞች ከማይወድ ሰው ጋር እዩ፤ እናንተ የለመዳችሁትን እሱ አልለመደውም።

አምና ኦክቶበር 31 ማታ የሰፈሩ ልጆች ጭንብል አድርገው በራችንን አንኳኩ። አንዱ ጥቁር ካባ የለበሰ፣ የፕላስቲክ ጥርስ የነከሰ ትንሽ ድራኩላ ነበር። እናቴ የከረሜላውን ሳህን ይዛ ወጣች። ልጆቹ ከረጢታቸውን ዘረጉ። እሷ መጀመሪያ አንዱን ከረሜላ ላጠችና አፏ ውስጥ አደረገች፤ ከዚያ ሳህኑን ዘረጋችላቸው።

መልካም የፊልም ሰሞን ቤተሰብ! 🎃