ሩጫ ለጀማሪ ባልና ሚስት

ባልና ሚስት ተመካክረው «ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እንሩጥ» ቢባባሉ ደግ አሰቡ። ሩጫ ልብን ያጠነክራል፤ የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን ለመከላከል ይረዳል፤ ጭንቀትንም ያቃልላል። ሆኖም ጀማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እግራቸውን አሟቸው ሲያቆሙ ይታያል። ለምን?

ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሩጫን ይለምዳሉ። ጅማትና አጥንት ለመጠንከር ግን ወራት ያስፈልጋቸዋል። ትንፋሻችሁ ቢያስችላችሁም እግራችሁ ገና አልደረሰም ማለት ነው። ስለዚህ አትቸኩሉ።

እንዴት ይጀመር?

በሳምንት 3 ቀን፣ በመካከሉ እያረፋችሁ ሩጡ። በቅድሚያ 5 ደቂቃ በመራመድ ሰውነታችሁን አሟሙቁ። ቀጥሎ 1 ደቂቃ በዝግታ ሩጡ፣ 2 ደቂቃ ተራመዱ፤ ይህንኑ 8 ጊዜ ደጋግሙ። ሳይከብዳችሁ ሲቀር የሩጫውን ደቂቃ በጥቂቱ ጨምሩ። ጎን ለጎን እየሮጣችሁ መነጋገር ካቃታችሁ ፍጥነቱ በዝቷል። ጫማችሁ ተረከዝ የሚይዝ፣ ከፊቱም ለጣት ቦታ ያለው ይሁን።

የት እና መቼ?

በድሬዳዋ ሙቀት ፀሐይ ሳትበረታ ንጋት ላይ መሮጥ ይበጃል፤ ውኃ መጠጣትንም አትርሱ። የደቻቱ አሸዋ ለስላሳ ቢመስልም እግር ስለሚሰምጥበት ባትንና የተረከዝን ጅማት ያደክማል፤ ድንጋዩም ቁርጭምጭሚት ያስወልቃል። በክረምት ደግሞ ከተማው ሳይዘንብ ከደጋ የሚወርድ ጎርፍ በድንገት ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል። ስለዚህ ከወንዙ ይልቅ እንደ ከዚራ ያለውን ደልዳላና የዛፍ ጥላ ያለበት መንገድ ምረጡ።

የወለደች እናትስ?

መውለድ ከሩጫ አያግድም፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉ በ1998 ወልዳ፣ በ2000 በሲድኒ በዚያው ርቀት እንደገና አሸንፋለች። ለእናንተም መራመድ ቀደም ብሎ ሊጀመር ይችላል፤ ሩጫ ግን ቢያንስ 3 ወር ይቆይ። በቀዶ ጥገና የወለደች ከዚያም በላይ ልትቆይ ስለምትችል አስቀድማ ትመርመር። በእርግዝና ጊዜ የላሉት የማሕፀን ደጋፊ ጡንቻዎች እንዲመለሱ፣ ሽንት እንደሚይዝ ሰው ጡንቻውን ለጥቂት ሰከንድ አጥብቆ መልቀቅን በቀን ውስጥ መደጋገም ይረዳል። ስትሮጡ ሽንት ካመለጣችሁ ወይም ከታች የመክበድ ስሜት ካለ አቁማችሁ ወደ ክሊኒክ ኑ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የምታጠባ እናት ከመሮጧ በፊት ብታጠባ ይመቻታል፤ መጠነኛ ሩጫ ወተቷን አይጎዳም። ኪኒን፣ መርፌ ወይም ሉፕ የምትጠቀም ሴትም መሮጥ ትችላለች።

ሕመም ሲሰማ

በማግስቱ የሚሰማና በ2 ወይም 3 ቀን የሚለቅ ድካም የተለመደ ነው። በአንድ ቦታ ላይ የሚወጋ የቅልጥም ሕመም፣ እብጠት ወይም ማነከስ ከመጣ ግን እረፉ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ ያህል ያዙበት፤ እግራችሁን ከፍ አድርጉ። ካልተሻላችሁ ታዩ። የደረት ሕመም ወይም ራስን የማዞር ስሜት ካለ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ሂዱ። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰውና እርጉዝ ሴት ከመጀመራቸው በፊት የጤና ባለሙያ ያማክሩ።

በመጨረሻም፣ አባቶች ሆይ፦ እናት በምትሮጥበት ግማሽ ሰዓት ሕፃኑን ያዙላት። በማግስቱ ተራው የእናንተ ይሆናል።