ለኪራይ የሚሆን ቤት ስለ መግዛት

በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎቹ ከተሞች ጥቂት ጥሪት ያጠራቀመ ሰው ሁሉ ሐሳቡ ወደ ቤት እንደሚያዘነብል የታወቀ ነው። ነጋዴው ከትርፉ፥ መምህሩ ከደመወዙ፥ በአሜሪካና በዐረብ አገሮች የሚኖረውም ሠራተኛ ከላቡ የቈጠበውን ይዞ፥ አንድ የኮንዶሚኒየም ቤት ገዝቶ ወይም በግቢው ሁለት ሦስት ሰርቪስ ክፍል ሠርቶ፥ በኪራዩ ልጆቹን ለማስተማርና እርጅናውን ለመደገፍ ይመኛል። ምኞቱ መልካም ነው። ነገር ግን ባለጠጋው በአንዱ ቤት ቢከስር በሌላው ይክሳል፤ ይህ ሰው ግን የ20 ዓመት ድካሙን በአንድ በር ቈልፎበታልና ቢሳሳት የሚመለስበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይዞ መቀመጥ ይገባዋል።

ሒሳቡም ከባድ አይደለም። አንድ ሰው በ4,000,000 ብር ቤት ገዝቶ በወር በ20,000 ብር ቢያከራየው፥ በዓመት 240,000 ብር ያገኛል። ደላላው እስከዚህ ድረስ ብቻ ይነግረውና ይሄዳል። ነገር ግን ተከራይ ወጥቶ ተከራይ እስኪገባ ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢቀር 20,000 ብር ይጐድላል። ለቀለም፥ ለቧንቧ፥ ለመስኮትና ለቍልፍ ጥገና 25,000፥ ለጥበቃና ለጋራ ሕንፃው ማኅበር መዋጮ 6,000፥ ለግብር ደግሞ 20,000 ብር ቢያወጣ፥ በእጁ የሚቀረው 169,000 ብር ነው። ይህም ቤቱን ከገዛበት ገንዘብ ከ100 ከ4 ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ነው። እንግዲህ የዋጋውን እኩሌታ ከባንክ ተበድሮ ከሆነና ባንኩ በዓመት ከ100 15 ወለድ የሚጠይቀው ከሆነ፥ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 300,000 ብር ይሆናል፤ የዓመቱ ኪራይ በሙሉ ቢደመር እንኳ አይበቃውም። እንዲህ ያለው ሰው ቤቱን አከራየሁ ይበል እንጂ፥ ነገሩ ሲመረመር ከደመወዙ እየቈረሰ ቤቱን የሚቀልበው እርሱ ነው።

ብዙዎች ግን «ዛሬ ቢጐድል ነገ ኪራዩን እጨምራለሁ» ብለው ራሳቸውን ያጽናናሉ። ይህ ተስፋ ቀድሞ ይሠራ ነበር፤ አሁን ግን በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቍጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1320 መንገዱን አጥብቦታል። በዚህ አዋጅ መሠረት የኪራይ ውል ከ2 ዓመት በታች አይሆንም፤ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፥ ተቈጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው መጠን ይደረጋል። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። አዋጁ ለተከራዩ ቤተ ሰብ ዕረፍት ሰጥቶታል፤ ቤት ለሚገዛው ሰው ደግሞ አንድ ትምህርት አለው፤ ይኸውም በግዢው ቀን የተሳሳተውን ዋጋ ኋላ በተከራዩ ትከሻ ላይ ጭኖ ማቃናት የማይቻል መሆኑ ነው። ትርፉ የሚወሰነው በሚገዛበት ዕለት ነው።

ከሒሳቡ ቀጥሎ የወረቀቱ ነገር ይመጣል፤ ብዙ ሰው የሚጠፋውም በዚህ ነው። ገዢው ካርታውን በዓይኑ አይቶ መመለስ የለበትም፤ ቤቱ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን፥ የሊዝ ክፍያና የቤት ግብር ያልተከማቸበት መሆኑን ከክፍለ ከተማው መጠየቅ አለበት። ሻጩ ባለ ትዳር ከሆነ፥ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተ ሰብ ሕግ መሠረት ባልና ሚስት ሁለቱም ካልተስማሙ የጋራ ቤታቸው ሊሸጥ ቀርቶ ሊከራይም አይችልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣውም የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆንና በሚመለከተው ሹም ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። በመንደር ሽማግሌ ፊት ብቻ የተጻፈ ወረቀት ተማምኖ ሚሊዮን ብር የሚቈጥር ሰው ምን አስቦ እንደሆነ ለመረዳት ያስቸግራል። የኮንዶሚኒየም ቤት በዕጣ የደረሰው ሰውም እስከ 5 ዓመት ድረስ እንዳይሸጥ የተከለከለ ስለሆነ፥ ከዚያ በፊት በስውር ውል የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በሻጩ መልካም ፈቃድ ላይ ጥሎታል ማለት ነው።

በውጭ አገር ሆኖ በወንድሙ ወይም በአክስቱ ልጅ እጅ ቤት የሚገዛ ሰው ደግሞ የውክልናውን ቃል አጥብቆ ይመልከት። በፍትሐ ብሔሩ ሕግ ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው ቤቱን ከ3 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ለማከራየትና ለማስተዳደር ይችላል፤ ለመሸጥና በዋስትና ለማስያዝ ግን ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። ስለዚህ ኪራይ እንዲሰበስብለት ብቻ የሚፈልግ ሰው «እንዲሸጥ እንዲለውጥ» የሚለውን ቃል ከወረቀቱ ያስወጣ። ዘመድን ማመን አንድ ነገር ነው፤ የማያስፈልግ ሥልጣን መስጠት ሌላ ነው።

ስለ ቦታው ሲታሰብም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ለሕዝብ ጥቅም ቦታ ሲለቀቅ ካሣው የሚተመነው በመሬቱ ላይ ለሠፈረው ንብረት ነው እንጂ ለመሬቱ ዋጋ አይደለም፤ በገበያ ግን ገዢው ከፍ ያለውን ገንዘብ የሚከፍለው ለአካባቢው ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፥ ቀጥሎም በካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ብዙ ቤቶች ተነሥተዋል። ስለዚህ ያረጀ ሰፈር ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የከተማውን ፕላን መጠየቅ ይጠቅመዋል።

ቤቱ ከተገዛ በኋላ ስለሚደረገው ጥገና ደግሞ የከተማችን ያለፈ ታሪክ ምስክር ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 47 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት በሆኑ ጊዜ ኪራያቸው ተቀነሰ፤ ብዙዎቹም በቀበሌ እጅ ሆነው በጥቂት ብር ለብዙ ዓመታት ተከራዩ። ያ ኪራይ ምስማር እንኳ ስለማይገዛ፥ የጭቃው ግድግዳ ተሸረሸረ፥ ቆርቆሮው ዛገ፥ ማገሩን ምስጥ በላው። የግል ባለ ቤትም ከኪራዩ ለጥገና ሳያስቀር በሙሉ የሚበላ ከሆነ ቤቱ ወደዚያው ያመራል። ከየወሩ ኪራይ ዐሥረኛውን እጅ በሌላ ደብተር ማስቀመጥ፥ በግንቦት ወር ክረምቱ ሳይገባ ጣራውንና አሸንዳውን ማስፈተሽ፥ ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር የውሃ ማጠራቀሚያ ማቆም፥ እነዚህ ጥቂት ወጪዎች ተከራዩን ለዓመታት ያቈያሉ። ደኅና ተከራይም ያለ ጭቅጭቅ 5 ዓመት ቢቀመጥ፥ በየዓመቱ ተከራይ እየቀያየሩ ከሚገኘው ከፍ ያለ ኪራይ ይልቅ ለባለ ቤቱ የሚተርፈው ይበዛል፤ ባዶ ወርና የደላላ ዋጋ የለበትምና።

በግቢው ውስጥ ብዙ ክፍል የሚያከራይ ሰው በተቻለው መጠን ለየክፍሉ የግል የመብራት ቈጣሪ ያስገባ። አንዱ ተከራይ ምጣድ ሲጥድ፥ ሌላው አምፖል ብቻ እያበራ እኩል ክፈል በተባለ ጊዜ የሚነሣው ጠብ ከኪራዩ ይልቅ ግቢውን ያፈርሳል። ቤቱን ሲያስረክብም የመስኮቱን መስታወት፥ የቧንቧውንና የበሩን ሁኔታ ከተከራዩ ጋር ሆኖ በሁለት ቅጂ ይጻፍና ሁለቱም ይፈርሙበት።